በመስተዋቱ ያየኋቸው ሦስት አሠልጣኞች

የዚያ ዲሴምበር ጠዋቶች አሁን ሳስታውሳቸው ሁሉም አንድ ጠዋት ይመስሉኛል። ጉም፣ የመኪናው ማሞቂያ ትንፋሽ፣ ከደለስ ኤርፖርት ወደ አሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የሚወስደው መንገድ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ደግሞ የማላውቀው ሰው ፊት። የቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ አንዳንዴ ይምታታብኛል። የተባለውን ግን አንድም ቃል አልረሳሁም።

ሹፌር ነኝ። ሱፌን ለብሼ ኤርፖርት እቆማለሁ፣ ሻንጣ እቀበላለሁ፣ በር እከፍታለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ እነዳለሁ። ዝም ማለት የሥራው ግማሽ ነው። ሚስቴ "ቤት ስትገባ እኛ ላይ ታካክሰዋለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ለፍላፊ ነኝ።

ያን ጊዜ ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም የማይርቅ አንድ ኮሌጅ የፉትቦል ዋና አሠልጣኙን አሰናብቶ ሌላ ይፈልግ ነበር። ፉትቦል ስል በእግር የሚመታውን ማለቴ አይደለም፤ አሜሪካኖች ሄልሜት ደፍተው፣ ኳሷን በእጅ ታቅፈው የሚላተሙበትን ነው። ሕጉን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አሁንም ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ሲወረውር አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው "ምን አጠፉ?" እላለሁ። ይህን ሁሉ የተማርኩት ለልጄ ብዬ ነው። ልጄ በዚያ ኮሌጅ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ለብሶ ኳስ ይዞ ይሮጥ ነበር።

አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው ማንን እንደሚያስቀር፣ ማንን እንደሚሸኝ መወሰን ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ ልጄን በብርድ ልምምድ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሥራ ትቼ ሜዳው በስተግራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የማልጠፋው እኔ ነኝ። ቸርች ውስጥ "ልጁ እንዴት ነው?" ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። አሁን አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ በአንድ ጠዋት ልጄን ከቡድኑ ሊያስወጣው ይችላል።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ከኮሌጁ ሁልጊዜ መኪና የምታዝዘኝ ሴትዮ ኮል ያደረገችልኝ። ለቦታው የታጩ ሦስት ሰዎች በሦስት ቀን በአውሮፕላን ይመጣሉ። ወሬው እንዳይወጣ ቃለ መጠይቁ በግቢው ሳይሆን አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል ነው። ልጄ እዚያ እንደሚጫወት አታውቅም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ልክ እንዳልሆነ አውቄው ነበር፤ ግን ሰዎቹን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

የመጀመሪያው ሰውዬ ገና በሩን ሳልዘጋ ስለ ድሎቹ ማውራት ጀመረ። ለእኔ አይደለም፣ ለስልኩ። ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ፣ ማንን ከየት እንደሚያመጣ፣ ምን ዓይነት ጂም እንደሚያስገነባ። መንገዱ ስለተዘጋ ስካይላይን በሚባለው የረጃጅም ፎቆች ሰፈር በኩል ዞርኩ። ጉሙ ሕንጻዎቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸው ነበር፤ ሰው የሚኖርበት ፎቅ ሁሉ ሰማይ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ሰውዬው አንዴም ቀና ብሎ አላየም።

እሱ ሲያወራ እኔ ስለ ቸርቻችን አስብ ነበር። መጋቢ ስንፈልግ ከመራጮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰው ጋብዘን፣ ሦስቱንም መድረክ ላይ ሰምተን፣ ስብከቱ ያማረውን መረጥን። የታመመ ሰው ይጠይቅ እንደሆነ፣ ከቀድሞ ምእመናኑ ጋር እንዴት እንደተለያየ አንዳችንም አልጠየቅንም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተኳርፈን ተለያየን። እነዚህም እንደኛ በመድረክ ሊመርጡ ይሆን እያልኩ ነዳሁ።

ሁለተኛው ደስ የሚል ሰው ነበር። እጄን ጨብጦ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው ስለ ሯጮቻችን አነሳልኝ፤ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በስልክ ለሆነ ሰው "አንድም ልጅ አልነካም፤ ያሉትን ይዤ ነው የምሠራው" ሲል ሰማሁ። መሪውን ልስመው ምንም አልቀረኝ። ተመስገን ጌታዬ፣ ሰውየው ይኸው ተገኘ አልኩ በሆዴ።

ብዙም ሳንሄድ ስልኩ ጠራ። አየት አደረገና "ደግሞ ይሄ ልጅ" ብሎ ድምፁን አጠፋው። እንደገና ጠራ። አሁንም አጠፋው። በመስተዋቱ እንዳየሁት ሲያውቅ "የድሮ ተጫዋቼ ነው" አለኝ እየሳቀ፤ "ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ ሥራ ፈትቷል፣ ዝም ብሎ ይደውላል።" እኔም አብሬው ሳቅሁ። አብሬው መሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው የመጣው በዝናብ ነው። ሰላምታው አጭር ነበር። ሻንጣውን ራሱ ጫነ፣ ከኋላ ተቀመጠ፣ ላፕቶፑን ከፈተ። የኮሌጁን ልጆች ጨዋታ እያየ ነበር። የሜዳው አረንጓዴ ፊቱ ላይ ይወዛወዛል፣ ውጭ ሁሉ ነገር ግራጫ ነው፣ ዋይፐሩ ብቻ ይመላለሳል። ሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ፤ እኔ እየነዳሁ፣ ልጄ ከጀርባዬ በአንድ እንግዳ ሰው ጉልበት ላይ እየሮጠ።

የእሱም ስልክ ጠራ። አንድ ወጣት ነበር፣ ድምፁ እስከኔ ይሰማል። ሰውዬው ላፕቶፑን ዘጋው። "እናትህ ተሻላት?" አለ። "ፈተናውስ?" ልጁ ከድሮ ቡድኑ ነው፣ መጫወት ካቆመ ቆይቷል፤ ከወሬያቸው የገባኝ ይኸው ነው። ስለ ኳስ አንድም ቃል ሳያነሱ ብዙ አወሩ።

ከዚያ ለረዳቱ ደወለና ላፕቶፑን መልሶ ከፈተው። "ሠላሳ ስምንት ቁጥርን አይተኸዋል?" አለው። የልጄ ቁጥር ነው።

"እግሩ ጥሩ ነው፣ ይታዘዛል፣ አይለግምም። ግን እየው፣ ወድቆ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ኳሷን አይደለም። አሠልጣኙንም አይደለም። በስተግራ ወደ ተመልካቹ ነው ቀና የሚለው። እዚያ የተቀመጠ ሰው አለ። ይሄ ልጅ የሚጫወተው ለዚያ ሰው ነው። እኔ ብቀጠር አስቀምጬ ምን እንደሚፈልግ እጠይቀዋለሁ። ካልፈለገ በክብር እሸኘዋለሁ።"

የዚያ ሰው እጆች መሪው ላይ ነበሩ። ደሜ ፈላ። ማን ነህና አንተ? ሃያ ዓመት ያሳደግኩትን ልጅ በቪዲዮ አየሁት ብለህ አወቅኸው? ልመልስለት ቃል ስፈልግ ሆቴሉ ደጃፍ ደረስን። አመሰገነኝና በዝናቡ ውስጥ ገባ።

ያቺ የኮሌጁ ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ ወደ መስኮቴ መጣች። "እኛ የምናያቸው ተዘጋጅተው ነው" አለችኝ፤ "ሳይዘጋጁ ያየሃቸው አንተ ብቻ ነህ። እንዴት አገኘሃቸው?"

"ሁሉም ጥሩ ናቸው" አልኳት። እኛ እንዲህ ነው የምንለው፤ የሰው እንጀራ በአፋችን እንዳይዘጋ።

"እሱማ መልስ አይደለም። ልጅ ቢኖርህ ለየትኛው ትሰጠዋለህ?"

ሁለተኛውን ብል ልጄ ቦታው ላይ ይቆያል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ግን ያ ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ይጠራል፣ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ነገ የእኔ ልጅ ቢሰበር ማን ያነሳለታል?

"ለሦስተኛው" አልኩ። "ለማይጠቅመው ልጅ ስልክ ያነሳል።" ከዚያ መደበቁ ከበደኝና ነገርኳት። "ልጄ እናንተው ቡድን ውስጥ ነው። ሰውዬው ከመጣ ያሰናብተው ይሆናል።"

ዝናቡ ጃንጥላዋ ላይ ሲወርድ ቆማ አየችኝ። በመስኮቱ እጇን አስገብታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና ሄደች።

የእኔ ቃል ይመዝን አይመዝን እንጃ። ብቻ ሦስተኛው ተቀጠረ። ለሚስቴ እንኳን አልተነፈስኩም። እሁድ ጸሎት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ "ልጄን አስቀርልኝ" ልል እልና ቃሉ አልወጣ ይለኛል።

ልጄ የደወለልኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሎረል ከተማ ሰው አድርሼ ስመለስ ነው። በረዶ ሊጥል ሲል ያለው ዓይነት ብርሃን ነበር፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ።

"አባዬ፣ አዲሱ ኮች ቢሮው ጠራኝ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።"

"ምን አልከው?"

"አይ ዶንት ኖው አልኩት። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም አልኩት።" ድምፁ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር።

መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። አጠገቤ የሚያልፉት መኪኖች ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። እስኪ እኔ ልጠይቅህ ልለው ፈለግሁ፤ ግን ሰውዬው ቀድሞኛል።

"ጨዋታውን ብተወው፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "አንተ ኦኬ ትሆናለህ?"

እኔ እሱን ደህና ላደርግ የደከምኩ መስሎኝ ነበር። ልጄ ለካ እየወደቀ የሚነሣው እኔን ደህና ሊያደርግ ኖሯል።

"እሆናለሁ" አልኩት፣ እንደማለቅስ እንዳያውቅብኝ ስልኩን ከአፌ አርቄ።