ጢንዚዛ የገባበት ጊታር

አጎቴ ቢቸና ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቤዝ ጊታር አውርደው ሲሰጡኝ ነገሩን በቅድመ ሁኔታ አደረጉት። በዳግም ትንሣኤ ልጃቸውን ይድራሉ፤ የምንጫወተው እኔና ጓደኞቼ ነን። «በልጄ ሰርግ ካኮራኝ ያንተ ነው። ካሳፈረኝ ወደ ሚስማሩ ይመለሳል» አሉኝ። በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት ቡድን የተጫወቱበት፣ ቀለሙ የተላላጠ ጊታር ነው። እሳቸው ጣታቸው ደርቆ ካቆሙ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ገና ሳየው የኔ እንዲሆን ፈለግሁ።

አንድ እንከን ብቻ ነበረበት። አንገቱን አግድም ከሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች ሦስተኛው ላይ ወፍራሙን ክር ስጫነው፣ ጢንዚዛ የገባበት ይመስል ጥዝዝ ይላል። ሦስተኛው ብረት የሚያወጣት ድምፅ የሌለችበት የሰርግ ዘፈን ደግሞ የለንም።

ቢቸና ሬዲዮ የሚጠግን አለ፤ ጊታር የሚጠግን ግን አላገኘሁም። የጠየቅሁት ሁሉ «የክር ነገር ከሆነ ሞጣ፣ በገና ሠሪው የኔታ ዘንድ ሂድ» አለኝ። ጊታሩን አቅፌ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ።

ሁዳዴ ነበርና የየኔታ ቤት በበገና ተሞልቷል። ክሩን መትቼ አሰማኋቸው። ላስረዳ አፌን ስከፍት «ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ና» አሉ። የኔታ ገባኝ ካሉ በኋላ የሚያስረዳ ሰው እኛ አገር አልተወለደም፤ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አራቱም ክሮች ጥዝዝ ይላሉ።

የበገና ነፍሱ ጥዝዝታው ነው፤ ለዚያም በየክሩ ሥር ትንሽ ቆዳ ይገባል። የኔታ ለኔም ከልባቸው አስገብተውልኛል። «የሚናገረው አንዱ ብቻ ነበር። ሦስቱ ድዳ ነበሩ» አሉ በኩራት። ልቅሶ ቃጣኝ።

«የኔታ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት እንዲጠፋልኝ ነበር።»

«ጥዝዝታው? ምን አደረገህ?» አሉና ደህና ዓይኔን አውጡልኝ ያልኋቸው ይመስል ትክ ብለው አዩኝ።

እያጉረመረሙ ቆዳውን አወጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቶቹን በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱና አራተኛው ላይ ቆሙ። «ይቺ ቀና ብላለች፤ ሦስተኛው ላይ ስትጫን ክሩ እሷን ይነካል» አሉ። ማስመሪያ ስናጋድምባት እግሩ እንዳጠረ ወንበር ተንገዳገደ። ከሥሯ ሙጫ ጠብ አደረጉ፤ ላይዋ ላይ ቀንድ አኑረው በመዶሻ ቀስ እያሉ ወደ ቦታዋ መለሷት። ጥዝዝታ ከየት እንደሚመጣ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው፣ ማጥፊያው አይጠፋቸውም። ክሩን መታሁት፤ ጠርቶ ወጣ። የኔታ ግን «አሁን ደርቋል» ብለው አዘኑልኝ።

የሰርጉ ዕለት ያችን ድምፅ ከሚገባት በላይ ደጋገምኋት። አጎቴ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በጭፈራው መሀል ወደኔ መጡ። ሚስማሩ ታየኝ።

«ሦስተኛዋን ድገማት» አሉኝ።

ደገምኋት።

«እኔ እኮ ጥዝ ስትልብኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሻት ነው የኖርሁ።»

ከዚያ የደረቀ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው አቃንተው ሦስተኛው ብረት ላይ ተጫኑ። ክሩን እኔ መታሁላቸው። ጣታቸውን እስኪያነሡ ድረስ ዘፋኙም ሙሽሮቹም ቆመው ጠበቁን።