ሚስማሩ ላይ የቀረው ሻርፕ

«አቦ፣ ለኢድ ከታይዋን ገበያ የገዛሁትን ሻርፕ ለምን አወልቃለሁ?» እህቴ ሀያት ጮኸች።

«ወንበሩ የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ሲሽከረከር ረጅም ጨርቅ ይጎትታል፤» አለ የመዝናኛ ፓርኩ ሠራተኛ በለሰለሰ ድምፅ። «ከትከሻሽ አውርጂና እዚህ ሚስማር ላይ ስቀዪው። ስትወርጂ ትወስጃለሽ።»

ቀትር ስለነበር ሰው ሙቀቱን ፈርቶ ቀርቷል፤ ከእኛ በቀር የመጣ አልነበረም። እኔ ጭቅጭቅ ስለማልችል ከሀያት ጀርባ ቆሜያለሁ። እሷ ግን ረመዳንን ሙሉ ስለዚህ ወንበር ስታወራ ስለከረመች ሳትወጣ አትመለስም።

«ቢጠፋብኝስ?»

«ወላሂ፣ እኔ ጋ የተሰቀለ ጠፍቶ አያውቅም። ይኸው!»

ሚስማሩ ላይ አንድ ቢጫ ሻርፕ ተንጠልጥሏል። ፀሐይ አንጥቶታል፤ ዘርፉ ላይ ሸረሪት ድር አድርታበታለች።

«የማን ነው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ከእናንተ ቀድማ የወጣች ልጅ አለች። ገና አልወረደችም።»

ሁለታችንም ቀና አልን። ማሽኑ ቆሟል፤ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ነፋስ የለም። ከመሃላቸው አንዷ ወንበር ብቻ እግሯን እንደምታወዛውዝ ልጅ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ሰውየው እጁን ዘረጋ። «በይ፣ ሻርፑን ስጪኝ።»

ሀያት ሻርፑን ደረቷ ላይ ጨብጣ፣ እኔንም ሳትጠብቅ ወደ ፓርኩ መውጫ በር ሄደች።