እትዬ ብርቅነሽና የጂዶ ዱባ

ልጆቹ «እማማ፣ ከሁላችን በላይ የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ፣ ንገሪን» ስላሉኝ ነው ይህን የምጽፈው። የእትዬ ብርቅነሽን ማረፍ ብዙዎቻችሁ በስልክ ሰምታችኋል። ላልሰማችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ናባዓ ባለችው ክፍላቸው፣ ጸሎት እየተደረገላቸው ነፍሳቸውን ለፈጣሪ ሰጥተዋል። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ ዐረብ አገር፣ በእሑድ ዕረፍቴ ነው። ነገሬ ቢዞር ታገሡኝ፤ እግሬም ከቤት ቤት ሲዞር ነው ያረጀው።

እናንተ ወጣቶቹ «እትዬ ጉምሩክ» ትሏቸው ነበር። ክፍላችሁ ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ከፍተው ያሸታሉ። ክሎሩን፣ በረኪናውን፣ ወደ ቁም ሣጥን አናት ያወጣሉ። «እትዬ፣ ቪዛም ያትማሉ እንዴ?» ስትሏቸው ይስቁ ነበር እንጂ ምክንያቱን አልነገሯችሁም። እኔ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ ከሐዝሚዬ ወደ ላይ፣ ጓሮ ባለው ቤት አዳሪ ሆነው ይሠሩ ነበር። ባለቤቶቹ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጂዶና ተታ፣ ያኒ አያቶች፣ ይላቸዋል። ብርቅነሽ ማለት ስለከበዳቸው እሳቸውን «ቢርኬ» ይሏቸዋል፤ በዐረብኛ የውኃ ገንዳ ማለት ነው። እትዬ ግን አልተቀየሙም። «ምን አለበት፤ ገንዳ እስካልደረቀ ድረስ ማንም አያባርረውም» ይሉ ነበር።

እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ ልብስ ልተኩስ እሄዳለሁ። የልጅ ልጄን ማህሌትን ይዤ ነው። ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ እናቷም አዳሪ ስለነበረች የሚይዝልኝ ሰው የለም።

ጂዶ ከጡረታ በኋላ ሥራቸው አንድ ዱባ ነበር። የምሬን ነው፣ አንድ። የቀረውን ፍሬ ሁሉ ቀጥፈው ጥለው አንዱን ብቻ ያሳድጋሉ፤ አራት ሰው ተሸክሞት ለሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን በዓል፣ ለትልቅ ዱባ ውድድር እንዲቀርብ። የፊተኛው ዓመት ቀይ ጥንዚዛ ቅጠሉን እንደ ወንፊት በስቶ ዱባውን አስቀረው፤ ጂዶም በንዴት አልጋ ያዙ። ልጃቸው፣ ሙስዩ የምንለው፣ ያ እንዳይደገም ብሎ አንድ ቀን የተባይ መርዝ ገዝቶ መጣ። ነጋዴው ከትልቅ ጀሪካን ቀንሶ ባዶ የአይራን ጠርሙስ ውስጥ ነው የሰጠው። አይራን እዚህ ልጅ ሁሉ የሚጠጣው የቀጠነ እርጎ ነው። ሙስዩ ውኃ ሲጨምርበት ነጭ ሆነ፤ ከአይራን ምኑም አይለይ። «ቢርኬ፣ የባባ ደዋ ነው፣ አስቀምጪው» ብሎ ስልክ ሊያወራ ወጣ።

ደዋ ማለት መድኃኒት ነው። ጂዶ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሳል ይዟቸው ሽሮፕ ይጠጣሉ። እትዬ ጠርሙሱን ተቀብለው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከሽሮፑ ጎን አቆሙት።

እኔ እየተኮስኩ ነው። ከጀርባዬ «ለበን፣ ለበን»፣ እርጎ እርጎ፣ የሚል ሰማሁ። ዞር ስል ማህሌት የፍሪጁን በር ከፍታ፣ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ክዳኑን በጥርሷ ታኝካለች። እትዬ ከየት እንደደረሱ አላውቅም፤ ነጥቀው አሸተቱት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ልብሷን ገፈን አፏንና እጇን ደጋግመን አጠብን። ተታ የጎረቤት ሐኪም ጠሩ። ክዳኑ አልተከፈተም፣ ግን ዙሪያው እርጥብ ነበር። ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ «እስኪመሽ አትለዩአት፤ ትውከት ወይ ምራቅ ካየለባት ሩጡ» አለን።

እስኪመሽ። ስታዛጋ ደነገጥን። ስታስነጥስ ደነገጥን። እንቅልፍ ሲጥላት ቀሰቀስናት፤ አለቀሰች፤ ማልቀሷ ደስ አለን። እትዬ ደረቷ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው «ማህሌትዬ፣ አሁንስ?» ይሏታል፣ መልስ እንደምትሰጥ። ሲመሽ ኸብዝ ስጡኝ አለች። እትዬ ዳቦውን ቆርሰው አጎረሷት።

ከዚያ ሙስዩ ፊት ቆሙ። እሳቸው ድምፅ ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ያን ዕለትም አላደረጉም።

«ይሄ ነገር እዚህ ቤት ከዋለ እኔ አልውልም።»

«ያላ ቢርኬ፣ ተርፋለች፣ ኸላስ፣ አለቀ። ጥንዚዛውን አንቺ ልትበዪው ነው?»

«በእጄ እለቅመዋለሁ።»

«ዱባው ከሞተስ?»

«ወደ አገሬ ስደደኝ።»

ሙስዩ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን የምሩን፣ «እሺ፤ ዱባው ከሞተ ኢቃማሽን አላድስም» አለ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። በእሳቸው ዕድሜ ሌላ ቤት ማን ይቀጥራል? አገር ቤት ደግሞ የታመመች እኅታቸው በእሳቸው እጅ ነበር የምትኖረው። ማታ ሲሸኙኝ «እትዬ፣ ምን አደረጉ?» አልኳቸው። «እነሱ ደዋ፣ እኛም መድኃኒት፤ ለመርዝ የመድኃኒት ስም ሰጥተን ሁላችንም ዋሸን። መርዝን መድኃኒት ያለ አንድ ቀን መድኃኒት ብሎ ያጠጣል። ልጅቷ ተርፋልኛለች፤ ለሁለተኛው ግን ራሴን አላምንም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጎህ ሲቀድ ጓሮ ናቸው። ጥንዚዛ በጤዛ ሰዓት ብርድ ስለሚይዘው አይበርም። የሳሙና ውኃ ያለበትን ሳፋ ከቅጠሉ ሥር ይዘው መታ ያደርጋሉ፤ ይረግፋል። የከሰል አመድ ነፍተው ጤዛው ሳይደርቅ ቅጠሉ ላይ ይበትናሉ። ክሽክሹን፣ ቅጠሉን የሚመጠውን ደቃቅ ተባይ፣ ከሥር በውኃ ጎማ ይመቱታል። ጉንዳን ሲያዩ «ይሄ የክሽክሽ እረኛ ነው፤ ተከተሉት፣ መንጋውን ያሳያችኋል» ይላሉ። እኔ ከላይ ከላይ አይቼ «ንጹሕ ነው» ስል እየገለበጡ «ቅጠልን ከላይ ያየ አላየም» ይሉኛል።

ከበዓሉ በፊት ጎረቤት የደረቀ የኪያር መደቡን ነቀለ። የእሱ ጥንዚዛ ሁሉ ወደኛ ጎረፈ። ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ ዱባው ቀይ ሆኖ ይርመሰመሳል፤ አንዱ ሐረግ ጠውልጓል። ጂዶ ወደ ቤት ገቡ። ሙስዩ «ኸላስ፣ ቢርኬ። ማታ ደዋውን አመጣለሁ። ሻንጣሽን ፈልጊ» ብሎ ወደ ሥራ ሄደ።

እትዬ «ማታ ነው ያለው፤ ገና ነው» አሉ። ማህሌትን ተታ ዘንድ ዘግተን ለቀምን። ወገባችን ተቆረጠ። የበረረውን ስንተው ይመለሳል። ከሰዓት ተታ የድሮ ናሙሲዬ፣ የትንኝ መረባቸውን፣ አመጡልንና ዱባውን አለበስነው። አበባ ባለበት በኩል ብቻ ለንብ ክፍት ተውን። ሙስዩ ሲመጣ ቆሞ ከላይ አየ። እትዬ መረቡን ገልጠው ቅጠሉን ገለበጡለት፤ ሌላውንም ገለበጡለት፤ አንድም ጥንዚዛ የለበት። እጁ ባዶ ነበር፤ የመርዙ ጠርሙስ መኪና ውስጥ ቀርቷል። «ለነጋዴው መልሰው» አሉት። መለሰው።

በበዓሉ ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደ። ጂዶ ግድ አልነበራቸውም፤ ከዱባቸው አጠገብ ወንበር አስቀርበው እስኪመሽ ተቀመጡ። የእትዬ ኢቃማም ታደሰ።

እትዬ ብርቅነሽ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ማህሌት ዛሬ ከእኔ በቁመት ትበልጣለች፤ ሬሳዎን ስናጥብ ውኃ ያቀበለችኝ እሷ ናት። ለነፍስዎ ፍርሃት የሌለበት ማረፊያ ይስጥልዎ። አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅዎ ሄዱ። ከዓመታት በኋላ፣ ጂዶም ከሞቱ ወዲያ፣ ተታን ራውሼ ባሕሩ ዳር በተሽከርካሪ ወንበር አገኘኋቸው። ስለዚያ በጋ ሲያወሩኝ ነው የሰማሁት። ከልጅነትዎ ጀምሮ ጥንዚዛ ይፈሩ ኖሯል። በየጠዋቱ ተታ እጅጌዎን በክር ያስሩልዎት ነበር፤ እርስዎም ኩሽና በር ላይ ቆመው ያስመልስዎትና፣ አፍዎን አብሰው ይወርዱ ነበር።