በአቡጀዲ ላይ ያየናት ሴት

ሲኒማ ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩት። ወገዳ ላይ፣ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ያየሁት። መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍነው፣ በሩን በጋቢ ጋርደው አዳራሹን አጨለሙት። ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠሩ። ውጭ መብራት የሚሰጠው ሞተር ይንደቀደቃል።

ልቤ ግን ለሲኒማ የሚሆን ልብ አልነበረም። ልጄ ታሞብኝ ነበር። ገና እጄን ይዞ መቆም የጀመረ ልጅ ነው። ተቅማጥ ከያዘው ወዲህ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሽንቱ ጠፍቶ፣ ድምፁ እንደ ጫጩት ሆኗል። ከእሱ በፊት የተወለዱትን እንዲሁ እያየን ቀብረናቸዋል፤ መንገዱን እናውቀዋለን።

በእኛ አገር ያን ጊዜ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ውሃ አይሰጥም። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ «በሚያፈስ ዕቃ ውሃ አይጨመርም» ይሉ ነበር። እንስራውን ልጁ እንዳያየው ጓዳ አስገቡት። እሱም ጓዳ ጓዳውን እያየ ይውላል።

ሊቀመንበሩ ከየቤቱ አባወራው፣ የቻለች እናትም፣ እንዲገኙ አዞ ነበርና፣ የቀረም ይቀጣ ነበርና፣ ሄጄ ልጄ ታሟል፣ ፈቃድ ስጠኝ አልኩት። «ሲኒማው እኮ የተቅማጥ ነው» አለኝ። «ታዲያ ካንተ በላይ ማን ይየው?» እውነት ነው ብዬ ገባሁ።

አቡጀዲው ላይ አንዲት ሴት ወጣች። እንደኛው ጥቁር ናት፤ በአለባበሷ ግን የሌላ አገር ሰው እንደሆነች ያስታውቃል። ልጅ ታቅፋለች። የልጁ ዓይን የልጄ ዓይን ነው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ማሽኑን ይዞ ከደብረ ታቦር የመጣው ወጣት እየጮኸ ይተረጉምልናል፤ ግማሹን ሞተሩ ይውጥበታል። ሴትዮዋ በጠርሙስ ውሃ ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ ጨው ጨመረች፣ በጠበጠች። ጨዉ ከዓይናችን ጠፋ። ወጣቱ፣ ጨዉ ሟሟ እንጂ አልጠፋም፣ ውሃው ውስጥ አለ፤ ተቅማጥም የሚገድለው የሰውነትን ውሃና ጨው ይዞ ስለሚወጣ ነው አለን። ይህን ሰምቼዋለሁ።

ልጁ ጠጣ። ጠጥቶ ጭኗ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተዘረጋ። ከዚያ ሴትዮዋ ከዚያው ውሃ በማንኪያ ቀምሳ፣ ጣቷን ወደ ዓይኗ ሰደደች። እንባዋን ጠረገች። ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች።

ከኋላዬ አንዲት እናት «ወይኔ ልጄን» አለች።

እንግዲህ የእኛ ሰው የሚያለቅስ ሲያገኝ አስቀድሞ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ሴቶቹ ብድግ ብለው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ወንዱም ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። ወጣቱ የሆነ ነገር ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት። በግፊያው መሐል ገመዱ ተነቅሎ መብራቱ ጠፋ፣ ሊቀመንበሩም ተቆጥቶ በተነን።

እኔ አልቅሼ ወጣሁ። ልጁ ጠጥቶ ሲሞት በዓይኔ አየሁ አልኩ። መድኃኒት ብዬ የሄድኩበት መርዶ ሆኖብኝ፣ ቤት እስክደርስ እግሬ የሚረግጠውን አላውቅም።

ሚስቴ ልጁን እንደታቀፈች ምን አሉ አለችኝ። ውሃ አጠጥታው ሞተባት አልኳት። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ሲቀበር አየህ?» አለች ሚስቴ።

«አላየሁም።»

«ታዲያ መሞቱን በምን አወቅህ?»

«እናቱ ስታለቅስ አይቼ ነዋ።»

«እኔም እኮ ሳለቅስ ነው የሰነበትኩ» አለች። «ልጄ ግን አለ። ሂድና ጠይቅ።»

ተመለስኩ። ወጣቱ ሞተሩን መኪና ላይ እየጫነ ነው፤ ፊቱ ጥቁር ብሏል። ቀርቤ፣ ጌታዬ፣ ያ የሴትዮዋ ልጅ ተቀበረ ወይ ስል ጠየቅሁት። እያሾፍኩ መስሎት ቆጣ አለ፤ ኋላ ፊቴን አይቶ ተወው።

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ አልሞተም። ጠጥቶ ጠግቦ ተኛ።»

«ታዲያ ለምን አለቀሰች?»

«እንባዋን ከውሃው ጋር እያስተያየች ነው። የበጠበጡት ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ለልጅ አይሰጥም፤ ይጎዳዋል። ሲኒማው ኋላ አሳየው እንጂ የሚቀመሰው ከመስጠት በፊት ነው። ይህን ልነግራችሁ ነበር የምጮኸው።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱን አውጥቶ አሳየኝ፤ አንድ ሊትር ይባላል አለኝ። ማንኪያውንም፣ የስኳሩንና የጨዉንም ልክ አሳየኝ። እኔ ያለኝ ጠርሙስ የዚህ እኩሌታ ነው አልኩት። እንግዲያውስ ስኳሩም ጨዉም እኩሌታ ይሁን አለ። ይህን ሁለተኛ መንገር አላስፈለገውም። ከመሬት አዋጁ በፊት የባላባት መሬት በእኩል አርሻለሁ፤ ምርቱ በግማሽ ሲያንስ የባላባቱም ድርሻ በግማሽ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ይህን ብነግረው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወደ ልጄ የምመለስበት መንገድ ነበር የታየኝ።

ስኳር በቀበሌ በራሽን ነው፤ እኛ ዘንድ የለም። ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ሙስሊም ነጋዴ ከራሱ የሻይ ድርሻ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና «ሩጥ፣ ለምስጋናው አትቁም» አለኝ።

ውሃውን አፍልተን አቀዘቀዝን። ስኳሩን ጨመርኩ። ጨዉ ግን የእኛው ድንጋይ ጨው ነው፤ ወቅጠነውም ሻካራ ነው፣ ማንኪያችንም የእንጨት ነው፣ ልኩን ማመን አቃተኝ። ሚስቴን እንባሽን ልቅመስ አልኳት።

«እኔስ ደርቄያለሁ» አለች። «አንተ አልቅስ።»

ሞከርኩ። አዳራሽ ውስጥ ለሌላ ሰው ልጅ እንደዚያ ሲፈስ የነበረው ለራሴ ልጅ እምቢ አለኝ። ልጁ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ አማቴ ከግድግዳው ዞሩ። ለካ ሲያለቅሱ ኖሯል። ጉንጫቸውን በጣታቸው ጠርገው ጣቱን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ቅመሺ» አሏት።

ቀመሰች። ውሃውንም ቀመሰች። በዝቷል አለች። ውሃ ጨመርን። ደግማ ቀምሳ ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በማንኪያ በማንኪያ ጀመርን። አስመለሰው። ቆይተን ሰጠነው፤ አሁንም አስመለሰው። እየገደልነው ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ በሦስታችንም ዓይን ውስጥ ነበር፤ በአፉ ያወጣው ግን የለም። ሲደክማት እኔ እቀበላታለሁ፣ ሲደክመኝ አማቴ ይቀበሉኛል። ስኳሩ አልቆ ነጋዴው ዘንድ ተመልሻለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እኔ ነበርኩ የታቀፍኩት። ጭኔን ሞቀኝ። መጀመሪያ ያው ተቅማጡ ነው ብዬ ለማየት ፈራሁ። ኋላ ጋቢዬን ገልጬ አየሁ፤ ሽንት ነው። ሚስቴ ልብስህን ቀይር፣ ልጁን ስጠኝ ብላ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም።