ጋሽ ሙሄ ያልማሉልኝ መሐላ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። እናቴም ሳልነግራት ሞተች። ሶላት ላይ ስቆም እንኳ ይችን ነገር ዘልያት ነው የማልፈው፣ አላህ የማያውቃት ይመስል። አሁን የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ፈሪ ሰው የሚናዘዘው እንዲህ ነው።

የሼሁን ጥድ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ከሚሴ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ከሠራሁ በኋላ አንድ አሮጌ ጂፕ ገዛሁና የዓመት ፈቃዴን ብቻዬን ላሳልፍ ተነሳሁ፤ በተራራው ጫካ ለጫካ እየነዳሁ፣ ባመሸሁበት ድንኳን እየተከልኩ። ጎረቤቶቻችን ድንኳኑን ሲያዩ ሰርግ ነው ለቅሶ ብለው ጠየቁኝ። ለመዝናናት ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ቤት እያለው ጫካ የሚያድር ሰው ጤነኛ አይመስላቸውም። እኔ ግን ልቤ አብጦ ነበር። የጨፋን ሸለቆ ከላይ ሆኜ ሳየው፣ ማሽላው ደርሶ፣ የቦርከና ወንዝ በመሀሉ ሲያልፍ፣ አገሩን የሠራሁት እኔ ነበር የሚመስለኝ።

መንገዱ ያለቀው ጋሽ ሙሄ ደጅ ላይ ነው። ከቤታቸው በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ የአንድ ሼህ መቃብር አለ፤ ራስጌው ላይ አሮጌ ጥድ ቆሞ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም፣ አገሬው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርገው እዚያ ጥድ ሥር ነው። ከዚያ ቦታ ቅርንጫፍ አይቆረጥም። ወድቆ የደረቀ ጭራሮ እንኳ አይለቀምም። ጠባቂው ጋሽ ሙሄ ነበሩ፤ ከእሳቸው በፊት አባታቸው፣ ከዚያ በፊት አያታቸው።

እቤት ግባና እደር ብለው ለመኑኝ፤ ድንኳን አለኝ ብዬ እንቢ አልኩ። እንግዳ ውጭ ማደሩ ከብዷቸው ነበር። ቢሆንም ጫካው ዳር ሜዳ ሰጡኝ፤ ሴት ልጃቸውም ወተት አመጣችልኝ። ሌላ መንገደኛ ቢሆን ስለ ጥዱ አጥብቀው ያስጠነቅቁት ነበር። እኔን ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝና፣ «ኢልሞ ኮ፣ ልጄ፣ አንተማ የኛው ነህ። ላንተ ምን ይነገራል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። አውቅ ነበር። አለማወቅን ሰበብ ማድረግ አልችልም። ያን ዕለት ዝናብ ጥሎ እንጨቱ ሁሉ ርሷል፤ ጥዱ ሥር ብቻ ደረቅ ነበር። እኔም ሻይ አማረኝ። ለአንድ ጣሳ ሻይ ብዬ፣ ማን ያየኛል ብዬ፣ ጭራሮውን ለቀምኩ። ነፋሱን እንዲከልልልኝም እሳቱን እዚያው ግንዱ ሥር አነደድኩት። በቅጡ እንኳ ሳላጠፋው ሄጄ ተኛሁ።

ጥዱ ለካ ሆዱ ባዶ ኖሯል፤ እሳቱ በውስጡ ሲወጣ አደረ። ማለዳ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወድቆ ይነድ ነበር። ውሃ ተሸክሜ ከሰዉ ጋር ሮጥኩ። አብሬ አጠፋሁ። እንግዳ ሆኖ ሳለ እንዲህ ደከመልን ብለው መረቁኝ። እኔም አሚን አልኩ።

ከሰዓት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የዚያ ቀበሌ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ሰው በየተራው ቁርኣን ይዞ «እጄ የለበትም» ብሎ ይምላል። እንግዳ አይምልም፤ ስለ እንግዳው የሚምለው ያሳደረው ሰው ነው። ጋሽ ሙሄ ስለ ራሳቸው ማሉ። ስለ እኔ ሲባሉ ግን ቁርኣኑን መለሱ። ጉልበታችን እስኪነካካ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።

«ስለ እንግዳዬ አልምልም» አሉ። «እንግዳዬንም አልከስም። ወላሂ፣ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። በኔ ላይ አድርጉት።»

እንግዳን መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ዝም ብለው ጠበቁኝ። አንድ ቃል ብናገር ጋሽ ሙሄ ነፃ ይወጡ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጫማዬን እያየሁ ጥበቃውን ከእሳቸው ወስደው ለሌላ ሰጡት። አባትና አያታቸው የቆሙበትን ቦታ እኔ ለሻይ ሸጥኩባቸው።

ለምን ዝም አልኩ? ዱላ ፈርቼ ነው? እንግዳን ማን ይነካል? ወሬው ከሚሴ እንዳይደርስ ነው፤ የእገሌ ልጅ፣ ያ የተማረው፣ እንዳልባል። በቃ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም።

ጋሽ ሙሄ መኪናው ድረስ ሸኙኝ። ከሽርጣቸው እጥፋት የሻይ ጣሳዬን አውጥተው ሰጡኝ። ከሁሉም ቀድመው አመዱ አጠገብ አግኝተው ደብቀውት ኖሯል። አጥበውታል። «በሰላም ግባ» ብቻ አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፍየል ልገዛ ሰንበቴ ገበያ ወረድኩ። ፍየል ይዛ የቆመች አንዲት ሴት በስሜ ጠራችኝ፤ ያቺ ወተት ያመጣችልኝ ልጃቸው ናት። አባቷ ሞተዋል።

«አባዬ እስኪሞት ድረስ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ደጅ ይወጣ ነበር» አለችኝ። «‹ይመጣል፤ ራሱ መጥቶ ይናገራል› ይለን ነበር።»

እንደ ሽማግሌዎቹ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

እኔ ፍየሏ ስንት እንደሆነች ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ተወደደብኝ ብያት ሄድኩ።

አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም።