ከስድስተኛው ዘፈን በኋላ

ባለፈው ሳምንት የጊታሪስታችን እናት በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ካሴት ይዘውልኝ መጡ። ሻሹን ስፈታው ያ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ይኸውልህ፣ ከነሻሹ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ያኔ በደርግ ጊዜ፣ ድሬ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነካ ወጣት ሁሉ የቀበሌ ኪነት ይገባ ነበር። እኛ አልገባንም። አራት ነበርን፤ ጊታሪስቱ፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ድራመሩና ዘፋኟ እኔ። ከዚራ ሰፈር፣ የድራመሩ አጎት ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል እንለማመድ ነበር፤ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ጫቱን ይዞ በርጫ ሲቀመጥ። ቆርቆሮው ከላይ ይጠብሰናል፣ የጊታሩ ክር በላብ ያሟልጫል። ስለ ዘመቻ አንዘፍንም፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ባቡሩ፣ ጅቡቲ ሄዶ ስለቀረ ልጅ ነበር የምንዘፍነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ኪነቱ ውስጥ ግቡ እያለ ሁለት ጊዜ አስጠራን። ሦስተኛ አልጠራንም። ተወን ብለን ደስ አለን፤ አይ ልጅነት!

ስድስት ዘፈን ሲሞላን በቴፕ እንቅዳው ተባለ። ባዶ ካሴት ግን ከየት ይምጣ? እኔ መች አርፌ ልቀመጥ፣ ከአባቴ አልጋ ሥር አንዱን አነሳሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተከለከለውን የተቃዋሚዎች ሬዲዮ ይሰማል፣ ይቀዳልም። በላዩ እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብሮ አውጥቷት ነበር። እኔ ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈንኩና ቀዳንበት። የኛ ዘፈን የእሱን ያጠፋዋል ብዬ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ የካሴቱ ክር እንዳላለቀ ልብ አላልኩም።

ካሴቱ ከቤት ቤት እየተገለበጠ ዞረ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ ያንጎራጉሩታል፣ የመልካ ጀብዱ መስመር ሾፌሮች መኪናቸው ላይ ይከፍቱታል፣ ልጆች ከዘይት ቆርቆሮና ከፍሬን ሽቦ ጊታር ይሠራሉ። የኪነቱ ልጆች እንኳ የጊታሪስታችንን አመታት ይሰርቁ ጀመር። ኮራን፣ ምን ልደብቅህ።

ከዚያ ሰዉ ይሸሸን ጀመር። ስናልፍ ወሬ ያቆማሉ፤ የሰላምታችንን መልስ በአገጫቸው ብቻ የሚሰጡን ነበሩ። ምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ለካ በርጫ ላይ መርቅኖ የተቀመጠ ሰው ዘፈን አለቀ ብሎ ተነስቶ ቴፕ አያጠፋም። ከስድስተኛው ዘፈን በኋላ ትንሽ ጸጥታ ነበረች፤ ቀጥሎ የዚያ የተከለከለው ሬዲዮ ድምፅ።

አንድ ከሰዓት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ልምምዳችን ላይ ገቡ። አንደኛው ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ፕላስተሩን አየሁት። አፌን ብከፍት አባቴ አለቀለት። ጊታሪስቱ ከየት እንዳመጣሁት ያውቅ ነበር። አየኝና ጊታሩን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«የኔ ነው» አለ።

ዝም አልኩ። ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ «አቦ፣ ጊታሬን ፀሐይ እንዳይመታው» አለኝ። በዚያው ቀረ። አባቴ ሬዲዮውን ተወ፣ እኔም ዘፈኑን። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳንነጋገር አባቴ ሞተ።

እናቱ ግን በየዓመት በዓሉ እየመጡ ሲስሙኝ ኖሩ። ያ ጉንጬ ላይ የሚያርፈው ከንፈራቸው እንዴት እንደሚያቃጥለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከጎረቤት ያገኙት ግልባጭ ነው አሉና ካሴቱን አብረን ሰማነው። ስድስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ላጠፋው እጄን ብዘረጋ ያዙኝ። ያ ድምፅ መጣ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እማማ፣ ይሄ የአባቴ ነበር» አልኳቸው።

እጄን አልለቀቁም።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እኛ ቤት መች ሬዲዮ ነበረና።»