ረመዳንና የባለቤቴ ኪኒን

ባለቤቴ መታመሟን ያወቅሁት በስኳር ነው። ስኳር በኅብረት ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት ዘመን፣ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ የምትጨምር ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሻይዋን ያለ ስኳር ጠጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «አልሐምዱሊላህ፣ መቆጠብ ለመደች» አልኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ቀድሞ የሚታየኝ ትርፉ ነው። ወር ሳይሞላ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አሉ፤ ጉንጯ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ሰው ሲመጣ ተሸፋፍና መተኛት ሆነ ሥራዋ።

ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ማስረዳት ይወዳል።

«የሰውነቷ ዘበኞች ሌባውን ትተው ባለቤቱን እየደበደቡ ነው። ይኼ ኪኒን እነሱን ያስታግሳል» አለኝ።

ዘበኛ ቀጥሬ ስለማውቅ ወዲያው ገባኝ።

«ጠባይዋ ይለወጥ ይሆናል፣ አትደንግጥ። በድንገት ግን እንዳታቆም» አለና፣ እንዲህ ያለ በሽታ ያለባቸው የቤተ ሙከራ አይጦች መድኃኒት ያለበትን ውሃ ማንም ሳያስገድዳቸው እንደሚጠጡ አወራኝ።

«የኔ መጋዘን አይጦች ፈቅደው የሚወስዱት ሽንብራዬን ነው» አልኩት። እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ እየለመንኩ ነበር የማስውጣት፤ ይመራል። ውሎ አድሮ ግን እኔ ሳልነሳ ቁርሷን በልታ ራሷ ትውጠው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! እንቅልፍ የለ፣ ዕረፍት የለ። ሱቅ መጥታ ደንበኞቼን ትከራከራለች፤ የጎረቤታችንን ዶሮ በድንጋይ ታባርራለች። ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆነ። ገበያተኛው «ማሻ አላህ፣ ዐረብ አገር ከርማ የመጣች ትመስላለች» ይላል። ያበጠችው በኪኒኑ መሆኑን ማን ይንገረው? እኔም ወሬው ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።

ረመዳን ገባ። አባቷ ወግዲ ላይ ልጆችን ቁርአን የሚያቀሩ ሸህ ናቸው፤ እሷ ከልጅነቷ ጀምራ ጾም አሳልፋ አታውቅም። ኪኒኑ ግን ጠዋትም ቀትርም ከምግብ ጋር ነው። የእሷን አለመጾም የሰማችው የዶሮዋ ባለቤት ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ «ይቺ ናት እንዴ በሽተኛ? እኔን ልትደበድብ የቀራት ጥቂት ነው!» አለች። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤት ገብቼ «አንድ ወር ነው፤ ድነሻል፣ ኪኒኑን አሳርፊው» አልኳት። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷማ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር።

ኪኒኑን ትታ በጾመች በስድስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታት። ያስመልሳታል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ ባቀርብ ጥርሷን ገጠመች።

«የሸህ ልጅ ነኝ። በቀን ጾሜን አልፈታም።»

ኪኒኑን በግድ አጎርሳለሁ ስል ነከሰችኝ።

አባቷ ጋ አስደወልኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ማነው ይቺን ልጅ ጹሚ ያላት?»

«አባባ፣ ሰዉ... ገበያው...»

«አንተ ሰው፣ የምትፈራው ገበያውን ነው ወይስ አላህን? እሱ ለበሽተኛ የፈቀደውን አንተ ማን ሆነህ ትከለክላለህ?»

ኪኒኑንና ውሃውን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጡ። «አላስገድድሽም ልጄ። እኔም ታምሜ በረመዳን በልቻለሁ፤ አላፈርኩም» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ። እኔም እንደሳቸው ዞርኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ለመለመንም ለመቆጣትም ጉልበት አልቀረኝም። ብርጭቆው ሲነሳ ሰማን። ስንዞር ውጣዋለች።

«በል አሁን ሐኪም ቤት» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተከለላት። የደሴው ሐኪም በስልክ የተናገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

የቀረውን ረመዳን፣ ባባቷ ትእዛዝ፣ በራችንን ከፍታ ቁርሷን ትበላለች። እኔ ጾሜን አጠገቧ ቁጭ። አንድ የማውቀው እህል ሻጭ ሲያልፍ ቆም ብሎ አያት።

«ምነው፣ እሷ አትጾምም እንዴ?»

«ታማለች» አልኩት። ይችን ቃል ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እሱን ምን አገባው?» አለች ባለቤቴ፣ አፏ እንደሞላ።